ለዕረፍት ስንሄድ ዓሣዎቻችንን ለማን እንተዋለን?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ዓመቱን ሙሉ በሥራ የደከመ ሰው የዕረፍት ፈቃዱን ተቀብሎ ወደ ዘመድ ወይም ወደ በዓል ለመሄድ ሲነሣ፥ የቤቱን ነገር አስተካክሎ መሄዱ የተለመደ ነው። በሩን ይቈልፋል፤ ቁልፉን ለታመነ ጐረቤት ይሰጣል፤ ለውሻው ቀለብ ያዘጋጃል፤ አበባው ውኃ እንዳይጠማው ያሳስባል። በቤቱ ውስጥ ዓሣ የሚኖርበት የመስተዋት ገንዳ ያለው ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ማሰብ ይገባዋል። ውሻ ቢርበው ይጮኻል፤ አበባም ቢጠማው ይጠወልጋል። ዓሣ ግን ድምፅ የለውም። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚታወቀው ሞቶ ሲንሳፈፍ ነው።

በመርካቶ፥ በሰባተኛ አካባቢ የሚኖር አንድ ባልደረባዬ፥ ወንድሙ ከውጭ አገር ባመጣለት የባሕር ጨው መቶ ሊትር ውኃ በጥብጦ፥ ሕያው ኮራልና ሁለት የቀይ ባሕር ዓሣዎች ያኖር ነበር። ዓሣዎቹ መልካቸው ብርቱካን ሲሆን፥ ሁለት ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቁ ይመስላሉ። ለፋሲካ ወደ ጎጃም ለዐሥር ቀን ሲሄድ ገንዳውን ለጐረቤቱ ለአንዲት እናት በአደራ ሰጠ። የተናገረውም ቃል «እማማ፥ እባክዎ እንዳይርባቸው» የሚል ብቻ ነበር። ደጊቱ እናትም በበዓል ማንም ሊራብ አይገባም ብለው በቀን ሦስት ጊዜ መገቡአቸው፤ የዳቦ ፍርፋሪም ጨመሩላቸው። ባልደረባዬ ሲመለስ ውኃው እንደ አጓት ደፍርሶ፥ ዓሣዎቹ ሞተው አገኘ። እማማም ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሱን ባዩ ቍጥር ያፍሩ ጀመር።

ጥፋቱ የማን ነው? የእማማ አይደለም። ጥፋቱ አደራውን ሰጥቶ የአጠባበቁን መንገድ ሳያስረዳ የሄደው ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው፥ አደራው እንዴት ተለክቶና ተመጥኖ መሰጠት እንዳለበት ነው።

በመጀመሪያ የገንዳውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ዋሪንግተን በ1850 እ.ኤ.አ. ስለ ገንዳ በጻፈው ጥናት፥ በአንድ ዕቃ ውስጥ ዓሣና ዕፀዋት እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ሊኖሩ እንደሚችሉ አስረዳ። በ1853 እ.ኤ.አ. ደግሞ በለንደን የአራዊት መጠበቂያ ሥፍራ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀው ነገር ገንዳ በሚዛን የሚኖር መሆኑ ነው። ሰፊው ባሕር ጥቂት ቈሻሻ ቢገባበት አይሰማውም፤ መቶ ሊትር ውኃ ግን በአንድ ጭብጥ ምግብ ይበላሻል።

ይኸውም የሚሆነው እንዲህ ነው። ዓሣው ሳይበላው የቀረ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይፈጠራል። በማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ ደረጃ በደረጃ እየለወጡ ጉዳቱን ያቀልሉታል፤ ነገር ግን ሥራቸው ልክ አለው። ምግቡ ከልክ ሲያልፍ መርዙ ያሸንፋቸዋል፤ መበስበሱም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳል። ጤነኛና ያደገ ዓሣ ግን ለጥቂት ቀናት ሳይበላ ቢቈይ አይጐዳም። ብዙዎቹ ኮራሎችም እንስሳት ቢሆኑም፥ በአካላቸው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ያዘጋጁላቸዋል። ስለዚህ ለዐሥር ቀን ጕዞ ሦስት ትንንሽ የወረቀት ጥቅል ይበቃል። በሦስተኛው፥ በስድስተኛውና በዘጠነኛው ቀን የሚሰጠውን ራስዎ መጥነው፥ ቀኑን በላዩ ጽፈው ያስቀምጡ። የቀረውን የምግብ ዕቃ ግን ይቈልፉበት።

ሁለተኛው የውኃው መጕደል ነው። ውኃ ሲተን ጨው አብሮት አይሄድም። በአንድ ሊትር 35 ግራም ጨው ያለበት መቶ ሊትር ገንዳ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ቢተንበት፥ በዐሥር ቀን ወደ 85 ሊትር ይወርዳል፤ ጨውም በሊትር ወደ 41 ግራም ይደርሳል። ይህን የመሰለ ፈጣን ለውጥ ኮራልን ይጐዳል። ከዚህም ሌላ ውኃው ሲወርድ ማሞቂያው ከውኃ ይወጣና ይሰነጠቃል፤ ለኤሌክትሪክ አደጋም ምክንያት ይሆናል። መድኀኒቱ ቀላል ነው። በመስተዋቱ ላይ የውኃውን ልክ የሚያሳይ መሥመር ያስምሩ። አንድ ሊትር ተኩል በሚይዙ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ጨው የሌለበት ውኃ ሞልተው ይደርድሩ። ጐረቤትዎ በየቀኑ እስከ መሥመሩ ድረስ ብቻ ይጨምሩ። ጨዋማ ውኃ ከተጨመረ ግን ጨው በጨው ላይ ይደራረባል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት እንደ ተቀዳ አይጨመር፤ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይዋል ይደር። ለኮራል ግን በሚገባ የተጣራ ውኃ ቢገኝ ይሻላል።

ሦስተኛውና ለአዲስ አበባ ነዋሪ ዋናው ነገር የመብራት መጥፋት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በዚህም ምክንያት ውኃ ሊይዘው የሚችለው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። መብራት ጠፍቶ የውኃ ማንቀሳቀሻው ሲቆም፥ በምፅዋ ወይም በጅቡቲ ለብዙ ሰዓት የሚታገሥ ዓሣ በእኛ ዘንድ ቀድሞ ይታፈናል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሣ፥ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ መግዛት ከሁሉ ይቀድማል። ይህ ባይገኝ፥ ውኃውን በንጹሕ ጆግ እየቀዱ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባለታል። መብራት እስኪመለስ ምግብ አይሰጥ። የተዘጋ ማጣሪያ ለብዙ ሰዓት ቆሞ ከነበረ፥ በውስጡ ያለው ባክቴሪያ ሞቶ ውኃው ስለሚበከል፥ ሳይታጠብ አይነሣ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ስለሚበረታ፥ 25 ዲግሪ ሙቀት የለመደውን ገንዳ ጐንና ጐኑን በጋቢ መሸፈን ይጠቅማል፤ አፉ ግን ለአየር ክፍት ይሁን። እጅን ወደ ውኃው ከማስገባት በፊትም ሶኬቱ መነቀል እንዳለበት በጥብቅ ይንገሩ።

አራተኛ፥ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ በሚዋሰኑበት በመርካቶ ሰፈር የሚረሳ ነገር አለ። ለበዓል ቤት ሲጸዳ የሚረጨው የተባይ ማጥፊያ ለሰው አነስተኛ ቢመስልም ለዓሣ ብርቱ መርዝ ነው። የአየር መንፊያው ከክፍሉ የሳበውን ሁሉ ወደ ውኃው ያስገባል። ገንዳው ባለበት ክፍል እንዳይረጭ፥ ከሰልም በር ተዘግቶ እንዳይጨስ ያስጠንቅቁ።

ዝግጅቱ በጕዞው ዋዜማ የሚጀመር አይደለም። ከመሄድዎ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት አዲስ ዓሣ አይጨምሩ፤ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላልና። ውኃውን በከፊል የሚለውጡት ከጕዞው ሦስት ወይም አራት ቀን አስቀድመው ይሁን፤ ስሕተት ቢኖር እርስዎ ባሉበት ይታያል። ጐረቤትዎም ሥራውን ሁለት ጊዜ በፊትዎ ይሥሩት። የዓሣዎቹን ቍጥር ያሳውቋቸው፤ የሞተ ቢገኝ ወዲያው መውጣት አለበትና። የስልክ ቍጥርዎንም በገንዳው አጠገብ ይለጥፉ።

ኤርትራ ነፃ ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። በቤታችን ያለው የባሕር ውኃ ሁሉ በሰው እጅ የተበጠበጠ ነው፤ ሚዛኑንም የሚጠብቅለት ሰው ብቻ ነው። ባልደረባዬ ይህን ከተረዳ በኋላ ገንዳውን እንደ ገና አቋቋመ። በተከተለው ዓመት ለጥምቀት ሲሄድ ሦስት ጥቅል ምግብ፥ ዐሥር ጠርሙስ ውኃና በመስተዋቱ ላይ አንድ ጥቍር መሥመር ለእማማ ትቶ ሄደ። ሲመለስ ዓሣዎቹ በሕይወት ነበሩ፤ እማማም ያፍሩት የነበረውን ሰው በደስታ ተቀበሉት።

«አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አባባል አደራ ተቀባዩን ብቻ አይመለከትም። አደራ ሰጪውም ጐረቤቱ ሊወጣው በሚችል መጠን ለክቶና አስረድቶ መስጠት አለበት። እንዲህ ካደረገ ዓሣዎቹም ይተርፋሉ፤ ጕርብትናውም ይጸናል።

መልካም የዕረፍት ጊዜ እመኝልዎታለሁ።