የሽሉን ዘረ-መሎች የሚቀሰቅሰው ምግብ

እስቲ አንድ ጥያቄ፦ ሕይወታችሁ በጀመረበት በመጀመሪያው ቀን ሥራውን ይመራ የነበረው የማን ዘረ-መል ይመስላችኋል? የእናንተ? አይደለም፤ በአብዛኛው የእናታችሁ ነው።

የእንቁላል ሴል ሩቅ መንገድ እንደሚሄድ ሰው ስንቅ ይዛ ነው የምትነሳው። ስንቁ እናት አስቀድማ ያዘጋጀቻቸው ፕሮቲኖችና አርኤንኤዎች ናቸው። የሽሉ የራሱ ዲኤንኤ ግን በአብዛኛው ገና አልነቃም። ስንቅ ደግሞ ያልቃል። ስለዚህ ሽሉ የራሱን ዘረ-መሎች ማንቃት አለበት። ዋናው መነቃቃት በአይጥ ሽሉ ሁለት ሴል ሲሆን፣ በሰው ደግሞ ከአራት እስከ ስምንት ሴል ባለበት ጊዜ ይካሄዳል። ካልነቁ እድገቱ እዚያው ይቆማል።

ታዲያ ምን ይቀሰቅሳቸዋል? አንዱ ፍንጭ ያለው ምግቡ ላይ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. እነ ጆን ቢገርስ የአይጥ ሽል የመጀመሪያዎቹን ክፍፍሎች በግሉኮስ ብቻ ማካሄድ እንደማይችል አሳዩ። የሚፈልገው ፓይሩቬትን ነው፤ ይህም ሴሎች ግሉኮስን ሲሰባብሩ የሚያገኙት ትንሽ ሞለኪውል ነው።

"ነዳጅ ስለሆነ ነዋ!" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ የሴል ኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ ይጠቀምበታል። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። በ2017 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የኡትፓል ባነርጂ ቡድን ያልተጠበቀ ነገር አየ። መደበኛ ቦታቸው ማይቶኮንድሪያ የሆነ አንዳንድ ኢንዛይሞች፣ ልክ የአይጡ ሽል ዘረ-መሎች በሚነቁበት ሰሞን፣ ለጊዜው ዲኤንኤ ወዳለበት ኒውክሊየስ ገብተው ተገኙ። ፓይሩቬት የተከለከለው ሽል ግን ኢንዛይሞቹ ወደ ኒውክሊየስ አልገቡለትም፤ ከሁለት ሴልም አላለፈም።

እዚያ ምን ይሠራሉ? ከፓይሩቬት አሴቲል-ኮኤ የሚባል ሞለኪውል ይሠራሉ። ዲኤንኤ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ እንደ ክር ተጠምጥሟል። ሂስቶን ፖዘቲቭ፣ ዲኤንኤ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይሳሳባሉ። ከአሴቲል-ኮኤ የመጣው አሴቲል ሂስቶኑ ላይ ሲለጠፍ ፖዘቲቩን ቻርጅ ያጠፋዋል። ያኔ ጥምጥሙ ይላላል፣ ዘረ-መሉን የሚያነቡት ሞለኪውሎችም መግቢያ ያገኛሉ። ማለትም ያው ምግብ ነዳጅም ነው፣ መክፈቻ ቁልፍም ነው።

ይህ በአይጥ የታየ ነው፤ ለሰው እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ግን ከ1978 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ልጆች ከማኅፀን ውጭ በተፈጠረ ፅንስ ተወልደዋል። የእነዚህ ሽሎች የመጀመሪያ ቀናት ያለፉት በላቦራቶሪ ሳህን ላይ፣ ሰው በቀመመው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ፈሳሹ ውስጥ የሚጨመረው ነገር የትኛው ዘረ-መል መቼ እንደሚነቃም ሊወስን ይችላል ማለት ነው።