አፈር በወንፊት

ለፎቅም ሆነ ለመንገድ ከተቆፈረ ጉድጓድ የወጣ አፈር በላስቲክ ታስሮ ላቦራቶሪ ሲደርስ፣ በቅድሚያ ከሚፈተሹት ነገሮች አንዱ የቅንጣቱ መጠን ነው።

ክብ የብረት ወንፊቶች ዓይነ ሰፊው ከላይ፣ ዓይነ ጠባቡ ከታች ሆነው ይደረደራሉ፤ ከሥር ድፍን ሳህን አለ። የደረቀው ናሙና ከላይ ይፈስና ማሽኑ ጆሮ እስኪያደነቁር ይንጠዋል። ከዚያ በየወንፊቱ የቀረው ይመዘናል። ድምሩ ከመነሻው ክብደት ጋር ካልተቀራረበ አንድ ቦታ ፈሷል፣ ወይም በሽቦው ዓይን ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል።

ብዙ መሐንዲሶች የሚሠሩበት ምደባ፣ መሐንዲሱ አርተር ካሳግራንዴ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለአሜሪካ ጦር የአውሮፕላን ማረፊያዎች ካዘጋጀው የመነጨ ነው። በ4.75 ሚሊ ሜትር ወንፊት ላይ የቀረው ጠጠር ይባላል፤ ያንን አልፎ በ0.075 ላይ የቀረው አሸዋ፤ ከዚያም ያለፈው ድቃቅ። ለጠጠርና ለአሸዋ ዋናው ነገር ስብጥሩ ነው። ቅንጣቱ ሁሉ እኩል ከሆነ በመሃል ክፍተት ይበዛል፤ ትልቅና ትንሹ ሲቀላቀል ግን ትንሹ የትልቁን ክፍተት ይሞላና አፈሩ ሲጠቀጠቅ ይጠነክራል።

ችግሩ ድቃቁ ላይ ነው። የደረቀ የዋልካ ጓል ወንፊት ላይ ጠጠር መስሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ናሙናው ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ የሚወርደው ውኃ እስኪጠራ ድረስ በ0.075ቱ ወንፊት ላይ ይታጠባል። ያለፈው ደግሞ አንድ ሊትር በሚይዝ የመስታወት ሲሊንደር ውኃ ውስጥ ይበጠበጣል። ትልቁ ቅንጣት ቶሎ፣ ትንሹ ቀስ ብሎ ስለሚዘቅጥ፣ ሃይድሮሜትር የተባለው ተንሳፋፊ መለኪያ እስከ 24 ሰዓት ድረስ እየተነበበ የድቃቁ መጠን ይሰላል።

ይህ ሁሉ ተለፍቶም፣ ከናሙናው ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ድቃቅ ከሆነ በዚህ ምደባ ስሙን የሚወስነው መጠኑ ሳይሆን ከውኃ ጋር ሲገናኝ የሚያሳየው ጠባይ ነው። ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል። የተፈጨ ድንጋይ ዱቄት እንደ ዋልካ ሊልም ይችላል፤ እንደ ዋልካ ግን አያብጥም። የአዲስ አበባን የቦሌና የአቃቂ ጥቁር አፈር በክረምት የሚያሳብጠው፣ በበጋ የሚሰነጥቀው የማዕድኑ ጠባይ ነው፤ ይህን ደግሞ ወንፊት አያየውም። ስለዚህ ቴክኒሺያኑ ከ0.425 ወንፊት ያለፈውን አፈር በውኃ ለውሶ፣ በመዳፉ መስታወት ላይ እንደ ክር ያድበለብለዋል። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀጥን መፈረካከስ ከጀመረ፣ ፍርካሹን ሰብስቦ እርጥበቱን ለመለካት ምድጃ ውስጥ ይከተዋል።