ያውቁ ኖሯል? መንገድ ፈላጊው ስሌት ዘረ መልም ያነጻጽራል

ኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1956 (እ.ኤ.አ.) አስቦ በ1959 ያሳተመው አልጎሪዝም፣ ማለትም ኮምፒውተር ደረጃ በደረጃ የሚከተለው የስሌት ሥርዓት፣ በመንገዶች መረብ ውስጥ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው የሚያደርሰውን አጭሩን ጎዳና ለማግኘት ያገለግላል። ይኸው ሐሳብ ለዘረ መል ጥናትም እንደሚበጅ ግን እምብዛም አይነገርም። ሁለት የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎች ሲነጻጸሩ የአንዱ ፊደላት በአግድም፣ የሌላው ደግሞ በቁልቁል ተደርድረው ሰንጠረዥ ይሠራሉ፤ በሰያፍ መጓዝ ፊደላቱን ማጣመር፣ በአግድም ወይም በቁልቁል መጓዝ የፊደል መጨመር ወይም መጉደል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ልዩነት ዋጋ ስለሚታሰብበት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የሚዘልቀው ዝቅተኛ ዋጋ ያለው መንገድ የሁለቱን ቅርበት ይለካል። ችግሩ የሰንጠረዡ ስፋት ነው፤ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ፊደላት ያሏቸው ቅደም ተከተሎች 1 ትሪሊዮን ሳጥኖችን ይወልዳሉ፣ የሰው ጂኖም (ጠቅላላው የዘረ መል ስብስብ) ደግሞ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ፊደላት አሉት። በዚህም የተነሳ ተመራማሪዎች በ1968 ለሮቦት ጉዞ ጥናት ይፋ የሆነውንና የቀረውን ርቀት ከእውነተኛው ሳያስበልጥ እየገመተ ከአጉል ፍለጋ የሚያድነውን ኤ-ስታር የተሰኘ አልጎሪዝም ለዚህ ሥራ አውለውታል፤ ቅደም ተከተሎቹ እጅግ በተራራቁ ቁጥር ግን ግምቱ እየደከመ ፍጥነቱም ይቀንሳል።