አዲስ የጣለ በረዶ ሸርተቴ ወዳዶችን የሚስበውም የሚገድለውም ለምንድን ነው?

በረዶ ሲባል የኢትዮጵያ አርሶ አደር ቀድሞ የሚያስበው ከዝናብ ጋር እየወረደ አዝመራ የሚያረግፈውን ጠጣር እንክብል ነው። በሰሜን ጃፓን፣ በሆካይዶ ደሴት፣ ኒሴኮ በተባለው ተራራማ ስፍራ የሚጥለው ግን እንደ ዱቄት የደቀቀ፣ እንደ ባዘቶ የቀለለ ነው። ይህን በረዶ ፍለጋ የበረዶ ሸርተቴ ወዳዶች ከብዙ አገሮች ወደ ስፍራው ይጎርፋሉ።

በረዶውን የሚያመጣው ከሳይቤሪያ የሚነሣ ቀዝቃዛ ነፋስ ነው። ነፋሱ ከእርሱ ይልቅ ሞቅ ያለውን የጃፓን ባሕር ሲያቋርጥ እርጥበት ይሸከማል፤ ከሆካይዶ ተራሮች ሲደርስም ሽቅብ ተገፍቶ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ የያዘውንም በበረዶ መልክ ያራግፋል። በዚህም ምክንያት ከፍታው 1 ሺህ 308 ሜትር ብቻ የሆነው የኒሴኮ አኑፑሪ ተራራ፣ ከባሕር ዳር ከተማ እንኳ ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በበረዶ ተውጦ ይከርማል።

አዲስ ከጣለው ደረቅ በረዶ ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚሆነው አየር ነው። አንድ ሜትር ክምር ሲቀልጥ የሚገኘው ውኃ ከ10 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ተንሸራታቹ እስከ ጉልበቱ ሰምጦ ያለ እንቅፋት የሚወርደውም ስለዚህ ነው። በድንች ምርቷ የምትታወቀው የአጎራባቿ የኩቻን ከተማ ወንዞችና ምንጮችም በጸደይ የሚመገቡት ከዚሁ በረዶ ነው።

አደጋው የሚመጣው ከአደራረቡ ነው። በረዶ በየጊዜው እየተነባበረ ስለሚከማች፣ ከታች ያለው ንጣፍ የላላ ከሆነ አዲሱን ሸክም አይችልም። በተለይ ነፋስ ከአንዱ ወገን ጠርጎ በሌላው ያከማቸው በረዶ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ፣ እንደ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ በአንድ ላይ ተገምሶ ይናዳል። ለዚህ የአንድ ሰው ክብደት ብቻ ሊበቃ ይችላል። በናዳ ከሚሞቱት ተንሸራታቾች አብዛኞቹን የሚገድለው ራሳቸው ወይም ባልንጀሮቻቸው የቀሰቀሱት ናዳ ነው። ናዳ የሚበዛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ ተዳፋት ላይ፣ ብዙ በረዶ በጣለበት ዕለትና በማግሥቱ ነው፤ ሸርተቴ ወዳዶች አብዝተው የሚመኙትም ይህንኑ ተዳፋትና ይህንኑ ቀን መሆኑ ነገሩን አስከፊ ያደርገዋል።

የተቀበረን ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ቆፍረው ካወጡት የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን ከሦስት ሰው አንዱ ቢተርፍ ነው። ከሩቅ የሚጠራ የነፍስ አድን ቡድን ለዚህ አይደርስም። ስለሆነም እያንዳንዱ ተጓዥ የሬዲዮ ምልክት የሚያስተላልፍና የሚቀበል መሣሪያ፣ በረዶውን ወግቶ የሚፈትሽበት ረጅም ዘንግና አካፋ ይይዛል። እነዚህ ግን የተቀበረውን ለማውጣት እንጂ ናዳውን ለማስቀረት አይረዱም።

ቀደም ባሉት ዓመታት ሰዎች በናዳ በመሞታቸው ኒሴኮ የራሱን ደንብ አውጥቷል። ከተከለለው ስፍራ ውጭ ወዳለው ተራራ መውጣት የሚቻለው በተወሰኑ በሮች ብቻ ነው። ጠባቂዎች የነፋሱንና የበረዶውን ሁኔታ መርምረው አደጋ ካዩ በሮቹን ይዘጋሉ። በገመድ ሥር ሾልኮ የወጣ ሰው ወደ ተራራው የሚወጣበትን ቲኬት ይነጠቃል።