«ሴት ብታውቅ…» ስለሚባለው ተረት

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። በሽምግልና ላይ፣ በድግስ ቤት፣ በእርሻ ድንበር ክርክር ሲነገር እንሰማዋለን፤ የሰማውም ሰው ራሱን ነቅንቆ ያልፈዋል። ልብ ብሎ የመረመረው ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኝበታል። ይኸውም ተረቱ ሴት አታውቅም አለማለቱ ነው። ታውቃለች ይላል፤ ነገር ግን ዕውቀቷ ወንድ ካልጨረሰው ከቍጥር አይገባም ይላል። እንግዲህ በተረቱ ውስጥ ያለው ጕድለት የዕውቀት ጕድለት ሳይኾን የሚሰማ ጆሮ ጕድለት ነው።

ውድ አንባብያን፤ ይህ ነገር የቃል ጨዋታ ብቻ ቢኾን ኖሮ ገጽ ባልፈጀንበት ነበር። ነገር ግን በዚህች ተረት ምክንያት ርስቷን ያጣች፣ ያለ ዕድሜዋ የተዳረች፣ በሽታዋን ተናግራ የሚያምናት ያላገኘች እኅት በየመንደሩ አለች። ስለዚህ ማን ይጠየቃል፣ ማን ይታመናል፣ የማንስ ቃል ይጻፋል የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ከቤተ ሰብ ጋር ኾኖ መመርመር ይገባል።

ማወቅም ኀላፊነት አለበት

ብዙ ሰው ኀጢአትና ጽድቅ በእጅ ሥራና በአንደበት ብቻ የሚፈጸሙ ይመስለዋል። ነገር ግን ሰው በሚያውቅበትና በሚያምንበት መንገድም ይበድላል። አጣርቶ ሳይሰማ የፈረደ፣ አንዱን ወገን ብቻ ጠይቆ እውነቱን አገኘኹ ያለ፣ ተናጋሪውን በልብሱና በጾታው መዝኖ ቃሉን የጣለ ሰው እጁን ባያነሣም ባልንጀራውን ጐድቷል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት አበው ይህን ሲያስተምሩን ነው።

በዘመናችንም ስለ ሴቶች መብት የሚያስቡ ፈላስፎች ይህንኑ ጕዳይ አንሥተው ጽፈዋል። ካናዳዊቷ ሎሬን ኮድ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ዐዋቂ ነኝ የሚል ሰው ስለ ዐወቀው ነገር ብቻ ሳይኾን እንዴት እንዳወቀውም እንደሚጠየቅ አስረዱ። እንግሊዛዊቷ ሚራንዳ ፍሪከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 በጻፉት መጽሐፍ በዕውቀት በኩል የሚደርሰውን በደል ከኹለት ከፈሉት። የመጀመሪያው ሰሚው በልቡ ባለው ንቀት የተናጋሪውን ቃል ከሚገባው በታች ሲመዝነው ነው። ኹለተኛው ደግሞ የተበደለው ሰው በደሉን የሚገልጽበት ስም ኅብረተ ሰቡ ሳያዘጋጅለት ሲቀር ነው። ስም የሌለው በደል ለዳኛ አይነገርም፤ ለወላጅም አይነገርም፤ ተበዳይዋ ራሷም በልቧ ውስጥ አጥርታ ልታየው ይሳናታል።

ለዚህ ኹለተኛው ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። አንዲት ልጃገረድ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ መንገድ ዘግቶ የሚያስፈራራት ጐረምሳ «ጨዋታ ነው» ሲባል፣ የእርሷ ፍርሃት ስም አልነበረውም። ዛሬ «ጾታዊ ትንኮሳ» የሚባል ቃል ተገኝቷል። ቃሉ በመገኘቱ ብቻ ትናንት ዝም ትል የነበረችው ልጅ ዛሬ ለመምህሯ የምትናገረው ነገር አገኘች።

ከመጻሕፍት የምናገኘው ምስክር

በመጽሐፈ ሶስና የተጻፈውን ታሪክ የማያውቅ ቤተ ሰብ የለም። በባቢሎን የነበሩ ኹለት ሽማግሌዎች በሐሰት መሰከሩባት። ሽማግሌዎችና ፈራጆች ስለ ነበሩ ሕዝቡ አመናቸው፤ እርሷ ግን ሴትና ብቻዋን ስለ ነበረች ቃሏ አልተመዘነም። ሞት ተፈረደባት። ያን ጊዜ ወጣቱ ዳንኤል ተነሥቶ ሽማግሌዎቹን ለየብቻ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ጠየቃቸው፤ አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠሩ፤ ሐሰታቸውም ተገለጠ።

እዚህ ላይ መስተዋል ያለበት ነገር አለ። ዳንኤል «ሴት ናትና እመኗት» አላለም። ያደረገው ነገር የተከበሩትን ሰዎች ቃል እንደ ማንኛውም ሰው ቃል መመርመር ነው። እንግዲህ ፍትሕ የሚጠይቀው የሴትን ቃል ያለ ምርመራ መቀበል አይደለም፤ የወንድን ቃል ያለ ምርመራ መቀበልን መተው ነው። ሚዛኑ አንድ ይኹን ማለት ነው።

የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆችም በኦሪት ዘኍልቍ ተጽፈዋል። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይተካ ስለ ሞተ ርስቱ ከስሙ ሊጠፋ ኾነ። አምስቱ እኅትማማች በሙሴና በማኅበሩ ኹሉ ፊት ቆመው ጠየቁ፤ ሙሴም ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ ጥያቄያቸው ቅን እንደ ኾነ ተፈረደ፤ ለወደፊቱም ሕግ ኾኖ ተጻፈ። አንድም ይህ ታሪክ ሴት ርስት ትወርሳለች ለማለት ነው፤ አንድም ያልተጠየቁ ሰዎች ሲጠየቁ ሕግ ራሱ ይሻሻላል ለማለት ነው።

የትንሣኤውንም ነገር እናስብ። መቃብሩ ባዶ መኾኑን አስቀድመው ያዩት ሴቶች ናቸው፤ ለሐዋርያት ሲነግሯቸው ግን ቅዱስ ሉቃስ እንደ ጻፈው ነገራቸው እንደ ተረት ተቈጠረ። ቤተ ክርስቲያናችን ከፋሲካ በኋላ ያለውን ቅዳሜ «ቅዱሳት አንስት» ብላ የምታስበው፣ መጀመሪያ ያልታመነው ቃል እውነት ኾኖ ስለ ተገኘ ነው።

በጣና ዳርና በጎጃም

ከአገራችንም ምስክር አለን። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው በአዋጅ ባጸኑ ጊዜ፣ የንጉሡ ባለሟል ሚስት የነበረችው ወለተ ጴጥሮስ ባሏን ትታ መነኰሰች፤ በሸንጎ ፊት ቀርባ ተጠየቀች፤ ተጋዘችም፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም። ከዚያም በኋላ ሰባት ማኅበራት መሠረተች፤ እ.ኤ.አ. በ1642 ዐረፈች። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ ገድሏን ጻፈ። የጻፈውም እርሷን ያወቁትን ሰዎች ጠይቆና ሰምቶ ነው። ከጣና ምሥራቅ ባለችው ቋራጣ የእናቶች ምስክርነት ባይጠበቅ ኖሮ፣ ጸሓፊውም ቃላቸውን ባይሰማ ኖሮ፣ ያን የመሰለ ታሪክ ከትውልዱ ጋር በተቀበረ ነበር። ጆሮ ያለው ጸሓፊ ምን ያኽል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታወቃል።

በጎጃም ጽላሎም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ነበሩ። ዓይናቸው የጠፋው በልጅነታቸው ነው። ቅኔን ከአባታቸው ተምረው የእርሳቸውን ወንበር ወረሱ፤ ከየአገሩ የመጡ ወንዶች ተማሪዎች በእግራቸው ሥር ተቀምጠው ቅኔ ዘረፉ። የቅኔ ቤት ሥርዐት ከባድ መኾኑን የምናውቅ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደ ኾነ እናውቃለን። በቅኔ ቤት የሚመዘነው ሰምና ወርቁ እንጂ የተናጋሪው ጾታ አይደለምና፣ ሚዛኑ ባላዳላበት ቦታ ሴት ከመምህራን ጋር ተቈጠረች።

ሌላዋ ምስክር ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በምጥ ምክንያት በፌስቱላ ታመው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ፊደል አያውቁም ነበር። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባላቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን አከሟቸው። ከዳኑ በኋላ እዚያው ቀርተው አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል ቆመው እያዩ፣ እጃቸውን እያለማመዱ፣ ራሳቸው ቀዶ ሐኪም ኾኑ፤ ለተማሩ ሐኪሞችም ሙያውን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደን የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ለሐምሊኖችና ለእርሳቸው የወርቅ ሜዳይ ሸለመ። ሐምሊኖች የማሚቱን እጅ ዐይተው ዕውቀት ብለው ባይጠሩት ኖሮ፣ ያ ኹሉ ዕውቀት አልጋ በማንጠፍ ባለቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በባሕር ዳር የተከፈተው የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከልም ለዚሁ በሽታ ሕክምና የሚሰጥ ነው። በሽታው የሚጀምረው ረጅም ምጥ በጊዜ ርዳታ ሳያገኝ ሲቀር ነው፤ ስለዚህ «ዛሬስ አልቻልኩም፤ ወደ ሐኪም ውሰዱኝ» የምትል ምጥ የያዛት ሴት ቃሏ ወዲያው ካልተሰማ የሚከፈለው ዋጋ ዕድሜ ልክ ነው።

ሕግና ስም

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ቢከለክልም፣ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። በወረቀት ላይ የልጅቱ ነጻ ፈቃድ ያስፈልጋል ይባላል። ነገር ግን ተደፍራ፣ ተዘግቶባት፣ ሽማግሌ ተልኮ ካለቀ በኋላ ፈቅደሻል ወይ ተብላ ብትጠየቅ ምን ትመልሳለች? ነገሩ «ጋብቻ» የሚል ስም ስለ ነበረው በደልነቱ ተሸፈነ። ይህ ነው ስም የማጣት በደል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የ14 ዓመት ልጅ የነበረችው አበራሽ በቀለ ተጠልፋ ስታመልጥ ጠላፊዋን በጥይት ገደለች። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው መኾኑን ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግም ጠላፊን በጋብቻ ከክስ ነጻ የሚያደርገውን አንቀጽ አስቀረ።

የዚህ ታሪክ ፍጻሜ ግን ሌላ ትምህርት አለው። ታሪኩ «ድፍረት» የተባለ ፊልም ኾኖ እ.ኤ.አ. በ2014 በአዲስ አበባ ሊታይ ሲል፣ ባለታሪኳ ባቀረበችው አቤቱታ ምክንያት ፍርድ ቤት ለጊዜው አገደው። ፊልሙ የተሠራው ለሴቶች መብት በመቆርቈር እንደ ነበረ የሚጠራጠር የለም። ኾኖም ስለ አንዲት ሴት መናገር ከእርሷ ጋር መነጋገር አይደለም። በጎ አሳብ ያለውም ሰው ቢኾን አስቀድሞ ባለቤቲቱን መጠየቅ ይገባዋል።

በመሬትም በኩል የአማራ ክልል በ1998 ዓ.ም. ያወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቍጥር 133 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በኹለቱም ስም እንዲኾን ደንግጎ ነበር። ስም በደብተር ላይ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ስሟ የተጻፈላት ሴት በድንበር ክርክር ጊዜ «ወንድምሽ ይናገርልሽ» ከተባለች፣ ደብተሩ ይናገራል እንጂ እርሷ አልተናገረችም።

በመሸንቲ ምን እናድርግ?

ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለችው መሸንቲ የገበሬና የነጋዴ አገር ናት። የጤፉንና የዳጉሳውን ዘር መርጣ የምታስቀምጥ፣ ቀድሞ በእንስራ፣ አሁን በጀሪካን ውሃ የምትቀዳ ሴት የትኛው ምንጭ በመጋቢት እንደሚደርቅና የትኛው እንደማይደርቅ ታውቃለች። የጕድጓድ ቦታ ሲመረጥ ግን በዛፍ ጥላ የሚሰበሰቡት ወንዶች ናቸው። ውሃ ያልቀዳ ሰው ስለ ውሃ ሲወስን ይታያችኹ!

በማስተምርበት ክፍል ዘወትር የማየው አንድ ነገር አለ። ልጃገረድ ትክክለኛውን መልስ በዝግታ ትናገራለች፤ ማንም አይሰማትም። ከኋላ ያለው ወንድ ልጅ ያንኑ መልስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል፤ ክፍሉ ያጨበጭብለታል። ልጁ ሌባ አይደለም፤ ክፍሉም ክፉ አይደለም። ጆሮው እንዲህ ለምዶ ነው። ልማድ ግን በትምህርት ይታረማል፤ መምህሩ «አስቀድማ የመለሰችው እርሷ ናት» ብሎ ስሟን ሲጠራ የክፍሉ ጆሮ ቀስ በቀስ ይቀናል።

ይህንኑ በየቤታችን ማድረግ ይቻላል። ሽማግሌ የኾነ ሰው ባልና ሚስትን ሲያስታርቅ ሚስቲቱን በባሏና በወንድሞቿ ፊት ብቻ ሳይኾን ለብቻዋም ይስማ፤ ዳንኤል ምስክሮቹን ለየብቻ እንደ ሰማ ማለት ነው። አባት ልጁን ለመዳር የሚጠይቅ ሽማግሌ ቢመጣበት፣ ሕግ የሚጠይቀው 18 ዓመት መሙላቱን በጎረቤት ግምት ሳይኾን በማስረጃ ያረጋግጥ፤ ከዚያም ልጅቱን ራሷን፣ እንቢ ብትል ቍጣ እንደማይከተላት አስረድቶ፣ ይጠይቃት። ከፍርሃት የተነሣ ዝም ያለችውን «ዝምታዋ ፈቃድ ነው» ማለት በዕውቀት ላይ የሚሠራ ግፍ ነው። እናትም ሴት ልጇ አንድ ሰው አስፈራራኝ ብላ ስትነግራት «ምን ለብሰሽ ነበር?» ከማለት በፊት «ምን ኾነ?» ትበል። ነፍሰ ጡር ሴት ስለ ሕመሟ ስትናገር አማቷም ባሏም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። እናቶችና አያቶች የሚያውቁትን የሚጽፍ የተማረ ልጅ ካለ፣ ስማቸውን ጠርቶ ይጻፍላቸው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህ ኹሉ የቤትን ሥርዐት ያፈርሳል» ይል ይኾናል። ነገር ግን ቤት የሚፈርሰው አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሳይናገር በልቡ ይዞ ሲኖር ነው። የሚስቱን ምክር የሚሰማ ባል ክብሩ አይቀነስበትም፤ ይልቁንም አንድ ዓይን የነበረው ሰው ኹለት ዓይን ያገኛል።

እንግዲህ ተረቱን ለልጆቻችን ስናወርስ ጅራቱን ቈርጠን እናውርሳቸው። «ሴት ብታውቅ» እንበል፤ ከዚያም «በወንድ ያልቃል» በማለት ፈንታ «ትናገር፤ እንስማ፤ እንመርምር፤ በእውነትም እንፍረድ» እንበል። ሰሚ ጆሮና አስተዋይ ልቡና ለኹላችን ያድለን።