የሚከራይ ቤት ሲታደስ ስለ ኤሌክትሪክ መሥመሩና ስለ ቆጣሪው

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎቹ ከተሞቻችን ቤቱን ወይም በግቢው ውስጥ ያሉትን ሰርቪስ ክፍሎች አድሶ ለማከራየት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ግድግዳውን፣ ኮርኒሱንና ቀለሙን ነው። ለተከራዩ ሕይወትና ለባለቤቱ ንብረት ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ከልስኑ በስተኋላ የተሰወረው ሽቦ ስለ ሆነ፣ የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ይሆናል።

በብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች መሥመሩ ሲዘረጋ የታሰበው ለጥቂት አምፖሎችና ለአንድ ራዲዮ ነበር። አሁን ግን በዚያው መሥመር ላይ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የውኃ ማሞቂያ ይሰካበታል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህም በአገራችን ለሚሠራበት ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ይሆናል። ሁለት ተከራዮች በአንድ ሰዓት እንጀራ ቢጋግሩ በአንዱ ሽቦ 32 አምፔር ያልፋል ማለት ነው። በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የሚፈጠረው ሙቀት እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ይህም ሙቀት ይልቁን የሚበረታው ሁለት ሽቦዎች በእጅ ተጠምዝዘው በፕላስተር በተጠቀለሉበት መጋጠሚያ ላይ ስለ ሆነ፣ ጭድና እንጨት ባለበት የጭቃ ቤት ውስጥ አደጋው ምን ያህል እንደሚከፋ ለመገመት አያስቸግርም።

ስለዚህ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ ግን ከብሬከሩ ሣጥን ለብቻው የሚመጣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ቢዘረጋ መልካም ነው። ርቀቱ ከበዛ ከዚህም ሊወፍር ስለሚገባ ውሳኔው የባለሙያ ይሁን። ብሬከሩ እየደጋገመ ሲወርድ በትልቅ መተካት፣ ወይም በተቃጠለ ፊውዝ ምትክ የመዳብ ክር ማሠር፣ የሚጮኸውን ዘበኛ ማባረር ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ሰውን ለመጠበቅ ወደ መሬት የሚወርድ መሥመርና 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ወዲያው የሚቆርጥ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ መታጠቢያ ቤት ባለበት ይህን መተው ከቁጠባ አይቈጠርም።

የቆጣሪው ነገር ደግሞ የብዙ ጭቅጭቅ ምንጭ ነው። በብዙ ግቢ አምስት ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ እየተጠቀመ ሂሳቡ በሰው ቁጥር ይከፋፈላል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ዋጋው በእርከን ከፍ የሚል ሲሆን፣ ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ነው። አንድ ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት ሳይጠፋ ቢሠራ በአራት ሳምንት 56 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 10 ዋት አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር የሚወስደው 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲህ ባለ አንድ አምፖሉ ድኻ፣ የጎረቤቱን ምጣድ ከመክፈሉም በላይ፣ ብቻውን ቢሆን በማይደርስበት የዋጋ እርከን ይከፍላል። ለየክፍሉ የተለየ ቆጣሪ ማስገባት ቢያስቸግር፣ ባለቤቱ በራሱ ወጪ ንዑስ ቆጣሪ እያስገባ ሂሳቡን በንባብ ማካፈል ይችላል።

ስለ ውኃ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። 1,000 ሊትር ውኃ 10 ኩንታል ይመዝናልና ታንከሩ ለዚህ ተብሎ በተሠራ ማማ ላይ እንጂ በአሮጌ ጣራ ላይ አይሰቀል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320፣ ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች፣ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ተከራዩ የገባበት ዕለት የቆጣሪው ንባብ በዚሁ ውል ላይ ቢሰፍር ኋላ ምስክር መጥራት አያስፈልግም። ዋናው ማጥፊያም፣ እንደ ተለመደው በባለቤቱ መኝታ ቤት ተቈልፎበት እንዳይኖር፣ በሌሊት አደጋ ቢነሣ ተከራዮቹ ሁሉ በሚደርሱበት ስፍራ ይተከል፤ እያንዳንዱ ብሬከር የየትኛው ክፍል እንደ ሆነም በጉልህ ይጻፍበት።