ለመርከበኛ የሚጻፍ ትንበያ፦ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ እስከ አረቢያ ባሕር

በሐምሌ ወር ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሕንድ የሚያቀና መርከብ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ጨርሶ ከጓርዳፉይ ጫፍ ሲወጣ ባሕሩ ይለወጥበታል። እስከዚያ ድረስ የአፍሪካ ቀንድ ከነፋሱ ከልሎት ቆይቷል። ከዚያ ወዲያ ግን ከደቡብ ምዕራብ 30 ኖት የሚነፍስ ነፋስ አለ፤ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው። ሞገዱም ከአራት ሜትር ይበልጣል። ካፒቴኑ ግን ይህን ሁሉ ከቀናት በፊት ያውቀዋል። ጭነቱን በሰንሰለት አስሮ፣ ፍጥነቱን መጥኖ፣ አንዳንዴም መንገዱን ቀይሮ ይጠብቀዋል። ይህን እንዲያደርግ ያስቻለው በመርከቡ ማዘዣ ክፍል በቀን ጥቂት ጊዜ የሚደርሰው አጭር ጽሑፍ ነው፤ የባሕር ትንበያ።

ይህ ትንበያ ማታ በቴሌቪዥን ከምንሰማው የተለየ ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ እምብዛም አይነሡበትም። መጀመሪያ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ነፋሱ ከ34 ኖት ካለፈ አንድ ደረጃ፣ ከ48 ካለፈ ሌላ ደረጃ፣ 64 ከደረሰ ደግሞ ከፍተኛው ደረጃ። ከዚያ የአየሩ አጠቃላይ ሁኔታ ይከተላል። በመጨረሻ ባሕሩ በክፍል በክፍል ተለይቶ የነፋሱ አቅጣጫና ኃይል፣ የሞገዱ ከፍታና የእይታው ርቀት ይዘረዘራል። ዐረፍተ ነገሩ የተቆረጠ፣ ቃላቱም የተወሰኑ ናቸው፤ ከየትም አገር የመጣ መርከበኛ በድካምና በእንቅልፍ እጦት መካከል ሆኖ እንኳ ሳይሳሳት እንዲያነበው።

የዓለም ባሕሮች ለዚህ ሥራ በ21 ክልሎች ተከፍለዋል፤ እያንዳንዱም ኃላፊ አገር አለው። ለቀይ ባሕር፣ ለኤደን ባሕረ ሰላጤና ለአረቢያ ባሕር ምዕራባዊ ክፍል የሚጽፈው የፓኪስታን የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው። ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ኃላፊነቱ የሞሪሺየስ ይሆናል። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን ሲነሣ ስም የሚያወጣለትና መንገዱን የሚከታተለው ኒው ዴልሂ ያለው ማዕከል ነው። መልእክቱ በሳተላይት ይሠራጫል፤ ለባሕር ዳርቻ ቅርብ ለሆኑት ደግሞ ናቭቴክስ በተባለው የሬዲዮ ሥርዓት በ518 ኪሎ ኸርዝ ይደርሳል።

በትንበያው ውስጥ ሰው በቀላሉ የሚሳሳትበት አንድ ቁጥር የሞገዱ ከፍታ ነው። «ሦስት ሜትር» ተብሎ ሲጻፍ ከሦስት ሜትር የሚበልጥ ሞገድ የለም ማለት አይደለም። ቁጥሩ ከሞገዶቹ ሁሉ ትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ ተለይተው የእነሱ አማካይ ከፍታ ነው። ይህ አለካክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች በጀልባ ባሕር ዳርቻ የሚወርዱበትን ቀን ለመምረጥ ስቨርድሩፕና መንክ የተባሉ ሁለት የውቅያኖስ ሊቃውንት ካዳበሩት ዘዴ የመጣ ነው። ሦስት ሜትር በተባለ ባሕር ላይ ሰዓታት ያሳለፈ ጀልባ ስድስት ሜትር የሚጠጋ ሞገድ ሊገጥመው ይችላል። ሌላም አለ። ሞገድ ሁሉ እዚያው በሚነፍሰው ነፋስ የተነሣ አይደለም። ከአፍሪካ በስተደቡብ ርቆ የተነሣ ማዕበል የሚልከው ረዥም ሞገድ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ከቀናት በኋላ ነፋስ በሌለበት ጠራራ ፀሐይ የሲሸልስንና የሶማሊያን ዳርቻ ይመታል። ሰማዩን ብቻ አይቶ ባሕር የሚወጣን ሰው የሚያታልለው እንዲህ ያለው ሞገድ ነው።

የሐምሌው ነፋስ ከኢትዮጵያ መሬት ጋር የተያያዘ ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝም ይህ ነው። ከማዳጋስካር አካባቢ ተነሥቶ የምድር ወገብን በኬንያ በኩል የሚሻገረው አየር ወደ ምዕራብ እንዳይበተን የምሥራቅ አፍሪካና የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች እንደ ግንብ ይይዙታል። በተራሮቹ ጥግ ተጠግቶ፣ ጠብቦና ፈጥኖ፣ በሶማሊያ አድርጎ ወደ አረቢያ ባሕር ይወርዳል። ኃይሉ የሚበረታው ከባሕር ወለል አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ነው። ፊንድሌተር የተባለው የሜትሮሎጂ ባለሙያ በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) መንገዱን በካርታ ካስቀመጠ ወዲህ በስሙ ይጠራል። ነፋሱ የባሕሩን የላይ ውኃ እየገፈፈ ስለሚወስደው በሶማሊያው ራስ ሃፉን አካባቢ ከሥር ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል፤ የሶማሊያ የባሕር ወራጅም በክረምት ወደ ሰሜን ይፈስና በበጋ አቅጣጫውን ይገለብጣል። በጥንቱ የአዱሊስ ወደብ በኩል ይነግዱ የነበሩ መርከቦች ወደ ሕንድ ሲሄዱም ሲመለሱም ይህን የነፋስ መገላበጥ ይጠብቁ ነበር።

ነፋሱ ይህን ያህል የታወቀ ከሆነ ትንበያው ለምን ይከብዳል? ምክንያቱ የምድር ወገብ ነው። በአውሮፓ ባሕሮች ላይ የሚሠራ ባለሙያ የአየር ግፊት ካርታውን አይቶ የነፋሱን ኃይል በቀጥታ ማስላት ይችላል፤ የምድር መሽከርከር ሁለቱን አጥብቆ ያስተሳስራቸዋልና። ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡ ይህ ትስስር ይላላል፤ የግፊት ልዩነቱም እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ራሱ መለካት አለበት። ሰፊ ባሕር ላይ ማን ይለካዋል? ግማሹን ሥራ ሳተላይት ይሠራል። ወደ ባሕሩ የራዳር ሞገድ ይልካል፤ ነፋስ በውኃው ገጽ ላይ የሚያነሣው ትንንሽ ሽብሽብ ምን ያህሉን እንደመለሰ አይቶ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ያሰላል። ከባድ ዝናብ ግን ንባቡን ያበላሽበታል፤ ዝናብ ያለው ደግሞ አደጋው ባለበት ነው። የቀረውን በፈቃዳቸው መለኪያ የሚያነቡ የንግድ መርከቦችና ከባሕሩ ሥር ጋር በገመድ የታሰሩ ተንሳፋፊ መለኪያዎች (ቡዮች) ይሞሉታል። በፓስፊክ ምድር ወገብ ላይ 70 ያህል ቡዮች በ1994 ተዘርግተው ተጠናቀቁ። በሕንድ ውቅያኖስም ተመሳሳይ ሥራ ከአሥር ዓመት በኋላ ተጀመረ፤ ነገር ግን በምዕራቡ ክፍል የሶማሊያ የባሕር ላይ ወንበዴዎች ቡዮቹን የሚተክሉትን መርከቦች ስላላስቀረቡ ብዙ ቦታ ክፍት ሆኖ ቆየ።

የዚህ ክፍተት ዋጋ በሳይክሎን ጊዜ ይታያል። በአረቢያ ባሕር ሳይክሎን የሚበዛው ሞንሱን የሚባለው ያ የክረምት ነፋስ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ነው። በግንቦት 2018 ሳጋር የተባለው ሳይክሎን በኤደን ባሕረ ሰላጤ ርዝመት ልክ ወደ ምዕራብ ተጉዞ በሶማሌላንድ ሉግሃያ አጠገብ ምድር ነካ። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ታሪክ ይህን ያህል ወደ ምዕራብ የዘለቀ ተመዝግቦ አያውቅም። ጅቡቲ ከተማ በጎርፍ ተጥለቀለቀች፤ ዝናቡ እስከ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደረሰ። መንገዱ ግን አስቀድሞ በደንብ ተነግሮ ነበር። በኅዳር 2020 የመጣው ጋቲ የተለየ ነው፤ በአንድ ቀን ውስጥ ከደካማ ዐውሎ ተነሥቶ በሶማሊያ ላይ ከተመዘገቡት ሁሉ ብርቱው ሆነና በራስ ሃፉን አጠገብ ወረደ። ሳይክሎን የት እንደሚሄድ መናገር ከዓመት ዓመት ተሻሽሏል፤ በምን ፍጥነት እንደሚበረታ መናገር ግን አሁንም ከባድ ነው።

ትንበያው ለማን ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ያሳስበኛል። መቀበያውን በግድ እንዲይዙ ዓለም አቀፉ ሕግ የሚያዝዘው በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያሉ የመንገደኛ መርከቦችንና 300 ቶንና ከዚያ በላይ የሆኑ የጭነት መርከቦችን ነው። ዓሣ አጥማጁ አይገባበትም። ከኦቦክና ከቦሳሶ ኢትዮጵያውያንን አጨናንቀው ወደ የመን የሚያሻግሩት ክፍት ጀልባዎችማ ከሕጉም ከመዝገቡም ውጪ ናቸው፤ ስንቱ ተገልብጦ የስንት ቤት ልጅ እንደቀረ እናውቃለን። በሕንድ ሃይደራባድ ያለው የውቅያኖስ መረጃ ማዕከል ለዓሣ አጥማጆች የሞገዱን ከፍታ በስልክ፣ በየቋንቋቸው ይልክላቸዋል። በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በዓረብኛ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ በሬዲዮ ይህን ማሰማት አዲስ ሳተላይት አያስፈልገውም። ቁጥሮቹ በየቀኑ ተሰልተው ተቀምጠዋል፤ ለትልልቆቹ መርከቦች የሚላኩትም እነዚያው ናቸው።